ሕግ ሳለ ዝም ማለት

ወጣቶች አንባቢዎቼ ሆይ፣ ያለፈውን ዘመን ታሪክ የምናነበው ስሕተቱን ደግመን እንዳንሠራው ነውና፣ በልጅነቴ ያየሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ።

በ1965 ዓ.ም. በጥር ወር፣ በጊሼ አገር በራቤል፣ ከእኔ ጋራ ፊደል የቆጠረች አንዲት ልጅ ተዳረች። ዕድሜዋ ከ12 ዓመት አይበልጥም ነበር። በሠርጉ ዋዜማ ደብተሯን ሰጥታኝ፣ «ስመለስ እወስደዋለሁ፤ አደራ!» አለችኝ። እኔም በማግሥቱ ከሠርገኛው ጋራ በላሁ፤ ጠጣሁ፤ አጨበጨብሁም። እርሷ ግን ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም። ወላጆቿ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ በዓይናችን ሳለን ልጃችንን ለወግ እናብቃት ብለው ነው።

ካደግሁ በኋላ ሕጉን ባነበው፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወንድ 18፣ ሴትም 15 ዓመት ሳይሞላቸው እንዳይጋቡ መከልከሉን አገኘሁ። እንግዲህ ያ ሠርግ ሲደገስ ሕጉ ከወጣ 13 ዓመት ሆኖት ነበር። የጠፋው ሕግ አልነበረም፤ የጠፋው ተናጋሪ ነበር።

ቀድሞም ቢሆን የዓለም መንግሥታት ማኅበር በ1917 ዓ.ም. በጄኔቭ ባወጣው መግለጫ፣ የሰው ዘር ሁሉ ለሕፃናት ዕዳ እንዳለበት አስታውቆ ነበር። ኢትዮጵያም በ1916 ዓ.ም. የማኅበሩ አባል ሆና ነበር። ኋላም የተባበሩት መንግሥታት በኅዳር 1982 ዓ.ም. የልጆችን መብት ስምምነት አጸደቁ፤ አገራችንም በ1983 ዓ.ም. ተቀበለችው። በሐምሌ 1982 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ መሪዎች በአዲስ አበባ ባጸደቁት ቻርተር ልጅን መዳር ብቻ ሳይሆን ማጨትም ተከለከለ። የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 አደረገው። በ1996 ዓ.ም. የወጣውም የወንጀል ሕግ ዕድሜዋ 13 ዓመት ያልሞላትን ልጅ የሚያገባ ሰው እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ ደነገገ።

ነገር ግን ሕግ እግር የለውም፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የጊሼን ዳገት በራሱ አይወጣም። የሚያደርሰው ሰው ነው። ስለዚህ የክፍል ጓደኛችሁ ለሠርግ ስትሰናዳ ብታዩ፣ ድግሱን አትጠብቁ፤ ለመምህራችሁ ንገሩ፤ የሚሰሟችሁን አዋቂዎች ለምኑ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ እንዲህ ባለው ቀን ግን ዝምታ ዕዳ ነው።

እኔ ያንን ዕዳ አልከፈልሁም። ደብተሯም እስከ ዛሬ ከእኔ ዘንድ አለ።