ሬዲዮው ዝም ለማለት ሙዚቃ የከፈተበት ሳምንት

የቀድሞ ተማሪዎቼ በተለይ ይሄን አንብቡልኝ። የመማሪያ መጽሐፉ «ስታሊን በ1953 ሞተ» ብሎ በአንድ መስመር የሚያልፈው ነገር ነው። ዛሬ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆች ናቸው።

እኛ ሀገር ሬዲዮ ላይ ያለ ዘፈን፣ ያለ ማስታወቂያ፣ ዋሽንት ብቻ ለረጅም ሰዓት ከተሰማ ትልልቆቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። «ደግሞ ማን ሞተ?» ይላሉ። ዜናው ገና ነው፤ ሙዚቃው ግን ቀድሞ ተናግሯል። ሶቭየት ኅብረት ውስጥ የዋሽንቱን ቦታ የያዘው ክላሲካል ሙዚቃ ነበር። ባኽ፣ ቤትሆቨን፣ ቻይኮቭስኪ። እነዚህ ሰዎች ሬዲዮውን ቀኑን ሙሉ ከያዙት አንድ ነገር ተፈጥሯል ማለት ነው።

መጀመሪያ ሬዲዮው ምን ዓይነት እንደነበር ልንገራችሁ፤ ያለሱ ታሪኩ አይገባም። በዚያን ዘመን የአብዛኛው የሶቭየት ከተማ ነዋሪ ሬዲዮ እኛ እንደምናውቀው ጣቢያ የሚቀየርበት አልነበረም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ነው። በሽቦ ይመጣል፣ ፕሮግራሙ አንድ ነው። ድምፁን መቀነስና መጨመር ይቻላል፤ ሌላ ጣቢያ መፈለግ ግን የለም። ማለዳ ይጀምራል፣ ሌሊት ይዘጋል። ፋብሪካውም፣ የጋራ ወጥ ቤቱም፣ አደባባዩም ያንኑ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ሞስኮ ያለው ስቱዲዮ ዘፈኑን ሲቀይር የአንድ ትልቅ ሀገር ስሜት አብሮ ይቀየራል።

ስታሊን ማርች 1 ቀን 1953 ከሞስኮ ወጣ ባለው የገጠር ቤቱ ስትሮክ መታው። ጠባቂዎቹ ሳይጠሩ ክፍሉ መግባት ስለሚፈሩ ለብዙ ሰዓት ወለል ላይ ወድቆ ቆየ። ሐኪም የደረሰው በማግስቱ ጠዋት ነው። ሕዝቡ የሰማው ደግሞ ማርች 4፣ በእኛ የካቲት 25 ቀን 1945 መሆኑ ነው። መግለጫውን ያነበበው ዩሪ ሌቪታን ነበር። የጦርነቱን ዜናዎችና የ1945ን ድል ያነበበው ያው ድምፅ። መግለጫው ታላቁ መሪ የታመመው «ሞስኮ በሚገኘው መኖሪያው» ነው አለ። ውሸት ነው፤ በሽታውን እንኳ ሲናገሩ ቦታውን ዋሹ።

ከዚያ በኋላ የፕሮግራሙ ቅደም ተከተል ተለወጠ። የሠራተኛ ማርሽ የለም፣ ቀልድ የለም፣ ደስ የሚል ዘፈን የለም። ቀስ ያለ፣ የከበደ ሙዚቃ፤ በመሃል የሐኪሞች መግለጫ፤ ከዚያ ተመልሶ ሙዚቃ። መግለጫዎቹ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ልብ ምት፣ ስለ አተነፋፈስ በቁጥር ይዘረዝራሉ። ያ ሕዝብ ስለ ስታሊን ሰውነት አንዲት ቃል ሰምቶ አያውቅም ነበር። አሁን የሽንቱ ምርመራ ሳይቀር በሬዲዮ ይነበብለት ጀመር።

ከመግለጫዎቹ በአንዱ «ቼይን-ስቶክስ» የሚባል አተነፋፈስ ተጠቀሰ። ተራው ሰው ምን እንደሆነ አያውቅም። ያኮቭ ራፖፖርት የሚባል ስመ ጥር ሐኪም በዚያን ሰሞን እስር ቤት ነበር። በጃንዋሪ 1953 «ገዳይ ሐኪሞች» ተብለው ከተከሰሱት፣ አብዛኞቹም አይሁዳውያን ከሆኑት ሐኪሞች ጋር ነው የታሰረው። በኋላ በጻፈው ትዝታው እንደሚለው፣ አንድ ቀን መርማሪው የተለመደውን ጥያቄ ትቶ «ቼይን-ስቶክስ ምን ማለት ነው?» አለው። እሱም እንዲህ የሚተነፍስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እንደማይተርፍ ነገረው። ቀጥሎ ለከባድ በሽተኛ የሚሆን ጥሩ ሐኪም እንዲጠቁም ተጠየቀ። የጠራቸው ስሞች ሁሉ የታሰሩ ሰዎች ሆነው ተገኙ! እኔ ይሄን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ አንድ ደቂቃ ቆም እላለሁ። በውጭ ሬዲዮው ቫዮሊን ያሰማል፤ በውስጥ መርማሪው ለአለቃው ሐኪም የሚፈልገው ከእስረኛው ዘንድ ነው።

ስታሊን ማርች 5 ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ50 ሞተ። ሌቪታን ያነበበው በማግስቱ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ እስከ ማርች 9፣ እስከ ቀብሩ፣ ሀገሩ በሙሉ የሐዘን ሙዚቃ ሆነ። አስከሬኑ «የአምዶች አዳራሽ» በሚባለው ትልቅ አዳራሽ ተቀመጠ። ሕዝቡ ለማየት ጎረፈ፤ መንገዱ በወታደርና በጭነት መኪና ተዘግቶ ስለነበር ትሩብናያ አደባባይ አካባቢ ሰው በሰው ተረጋግጦ አለቀ። ስንት ሰው እንደሞተ በይፋ አልተነገረም። ሬዲዮው ስለዚያ ምንም አላለም፤ ሙዚቃውን ቀጠለ።

ሰዉ ከዚያ ሳምንት የተማረውን አልረሳም። ብሬዥኔቭ ኖቬምበር 10 ቀን 1982 ሲሞት ዜናው የተነገረው በማግስቱ ጠዋት 5 ሰዓት ላይ ነው። የማታው የመዝናኛ ፕሮግራም ተሰርዞ ክላሲካል ሙዚቃ ሲተካ ግን ብዙው ሰው ገብቶት አደረ። በዚያ ዘመን ከኛ ሀገር ሄደው እዚያ ይማሩ ከነበሩት አንድ የማውቃቸው ጋሽ እንደነገሩኝ፣ የዶርማቸው ጽዳት ሠራተኛ ሬዲዮውን ሰምታ መጥረጊያዋን አስቀመጠችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ምንም አልተናገረችም። እሳቸው ቋንቋውን ገና እየተማሩ ስለነበር አስተማሪ ሞቶባት መስሏቸው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ለማለት መዝገበ ቃላት ሲያገላብጡ ነበር። በ1984 አንድሮፖቭ፣ በ1985 ቼርኔንኮ፤ ሦስቴ ያው ሙዚቃ። በኦገስት 1991 መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር ቴሌቪዥኑ የቻይኮቭስኪን «የዳክዬ ሐይቅ»፣ ይቅርታ፣ ስዋን ሌክ የሚባለውን ባሌት እየደጋገመ ሲያሳይ ማንም «ዛሬ ባሌት ወደዱ» አላለም።

በነገራችን ላይ «የስታሊን ሞት» የሚለውን የ2017 ፊልም ያያችሁ፣ መጀመሪያው ላይ ያለውን የሬዲዮ ኮንሰርት ታስታውሳላችሁ። ስታሊን በሬዲዮ የሰማውን የሞዛርት የፒያኖ ኮንቸርቶ ሸክላ ይፈልጋል፣ አልተቀረጸም፣ ሙዚቀኞቹ እንደገና ይጫወታሉ። ፒያኖ ተጫዋቿ ማሪያ ዩዲና በእውነት የነበረች፣ አማኝነቷን የማትደብቅ ትልቅ አርቲስት ናት። ወሬው ግን የመጣው በ1979 በሾስታኮቪች ስም ከወጣ መጽሐፍ ነው፤ የመጽሐፉ እውነተኛነት ራሱ ምሁራንን እስካሁን ያጨቃጭቃል። ስለዚህ እንደ ጥሩ ቀልድ ያዙት፤ ፈተና ላይ እንዳትጽፉት።

እኔ በእውነት ልነግራችሁ የፈለግኩት ግን ሌላ ሞት ነው።

ማርች 5 ምሽት 3 ሰዓት ገደማ፣ ስታሊን ሊሞት አንድ ሰዓት እንኳ ሲቀረው፣ እዚያው ሞስኮ ውስጥ፣ ከቀይ አደባባይ ብዙም በማይርቅ ጠባብ መኖሪያ ሰርጌይ ፕሮኮፊዬቭ ሞተ። 61 ዓመቱ ነበር። ምክንያቱም ተመሳሳይ ነው፣ የአንጎል ደም መፍሰስ። «ጴጥሮስና ተኩላው»ን የጻፈው፣ የ«ሮሚዮና ጁልየት»ን ባሌት የጻፈው ሰው ነው። በዓለም ደረጃ ስሙ የሚጠራ ሙዚቀኛ።

ይሄ ሰው ለስታሊን ጠላት አልነበረም፤ ያ ነው ነገሩን የሚያከብደው። በ1918 ከሀገር ወጥቶ በውጭ ዝና አግኝቶ፣ በ1936 ጠቅልሎ ሞስኮ ገባ። በ1939 ለስታሊን 60ኛ ልደት የምርቃት መዝሙር ጻፈ። የስታሊን ሽልማትን ስድስት ጊዜ ወሰደ። በፌብሩዋሪ 1948 ግን የፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ እሱን፣ ሾስታኮቪችንና ካቻቱሪያንን ጨምሮ ሙዚቃችሁ ለሕዝብ አይገባም ብሎ በውሳኔ አወገዛቸው። ሥራዎቹ ከመድረክ ጠፉ፣ ገቢው ደረቀ፣ ጤናውም አብሮ ሄደ። የመጨረሻው ሲምፎኒው፣ ሰባተኛው፣ የተጻፈው ለሬዲዮ የሕፃናት ክፍል ነው። በ1952 ሲቀርብ፣ መጨረሻው ጸጥ ብሎ የሚጠፋ ስለነበር ደስ የሚል አጨራረስ ቢጨምርበት ሽልማት ሊያገኝ እንደሚችል መከሩት። ገንዘብ ስለቸገረው ጨመረበት።

እንግዲህ ያ ሰው ሲሞት ሬዲዮው በሙዚቃ ተሞልቷል። ቀኑን ሙሉ ሙዚቃ፣ ሌሊቱን ሙዚቃ። ስለ ሙዚቀኛው ሞት ግን ቦታ አልነበረም። ፕራቭዳ ለቀናት አልጻፈውም። የሙዚቃ ደራሲያኑ መጽሔት እንኳ ከመቶ ገጽ በላይ ስለ ስታሊን ካወራ በኋላ ነው አጭር ማስታወሻ ያወጣው።

ቤቱ ያለበት ሰፈር በለቀስተኛ ተጨናንቆ ተዘግቶ ስለነበር የአስከሬን መኪና መግባት አልቻለም። ሳጥኑን ሰው ተሸክሞ፣ ወደ ስታሊን ከሚጎርፈው ሕዝብ በተቃራኒ አቅጣጫ፣ በጓሮ መንገድ ይዞት ሄደ። አበባ ከከተማው ጠፍቷል፤ ያለው ሁሉ ወደ አንድ ሳጥን ነው የሄደው። አንድ ጎረቤት ቤቷ የነበሩትን የሸክላ ተክሎች አምጥታ አስቀመጠች ይባላል። ማርች 7 በሙዚቃ ደራሲያን ማኅበር ቤት ለስንብት የተገኙት ጥቂት አሥሮች ናቸው። ሾስታኮቪች ከመካከላቸው ነበር።

የሀገሪቱ ታላላቅ ሙዚቀኞችስ የት ነበሩ? የአምዶች አዳራሽ ውስጥ። ፒያኖ ተጫዋቹ ስቪያቶስላቭ ሪክተር ከትብሊሲ በአበባ ጉንጉን በተሞላ አውሮፕላን ተጭኖ ነው የመጣው። በኋላ ራሱ እንደተናገረው የአዳራሹ ፒያኖ ፔዳሉ አይሠራም ነበር፤ ከሥሩ የኖታ ወረቀት ለማስገባት ሲያጎነብስ ጠባቂዎቹ ፈንጂ የሚያስቀምጥ መሰላቸው። ለቀናት ከዚያ እንዳይወጡ ተደርገው፣ ከሚያልፈው ሕዝብ ፊት ሲጫወቱ ከረሙ። ቫዮሊኒስቱ ዳቪድ ኦይስትራክም አዳራሹ ውስጥ ይጫወት ነበር፤ እሱ ግን ለፕሮኮፊዬቭም ስንብት ደረሰ። የፕሮኮፊዬቭን የመጀመሪያ የቫዮሊን ሶናታ፣ አንደኛና ሦስተኛ ክፍሉን ተጫወተ። አንደኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ቫዮሊኑ በጣም ዝቅ ብሎ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሮጥበት ቦታ አለ። ፕሮኮፊዬቭ ሲያስረዳው በመቃብር መካከል እንደሚያልፍ ነፋስ መሰማት አለበት ብሎት ነበር።

አንዲት ሰው ደግሞ ከሁለቱም ሐዘን የሌለች ነበረች። የመጀመሪያ ሚስቱ ሊና፣ ማድሪድ የተወለደች ዘፋኝ፣ የሁለት ወንዶች ልጆቹ እናት። በ1941 ጥሏት ከሌላ ሴት ጋር መኖር ጀመረ። በ1948፣ ያ ውግዘት በወጣ በአሥር ቀን ውስጥ፣ በስለላ ተወንጅላ ታሰረች፤ 20 ዓመት ተፈረደባት። እሱ ሲሞት በሰሜን በረዶ ውስጥ ካምፕ ነበረች። ማንም አልነገራትም። የሕይወት ታሪኳን የጻፉ ሰዎች እንደሚሉት፣ ከወራት በኋላ ሌላ እስረኛ በሬዲዮ ስለ ፕሮኮፊዬቭ መታሰቢያ ኮንሰርት ሲወራ ሰምታ መጥታ ነገረቻት። በ1956 ተፈታች፤ ከሀገር እንድትወጣ የተፈቀደላት በ1974 ነው።

ሰባተኛውን ሲምፎኒ ዩቲዩብ ላይ ታገኙታላችሁ፣ 30 ደቂቃ ገደማ ነው። ሁለቱም አጨራረስ አሁን ድረስ ይቀረጻል። ስትፈልጉ ቶሎ ቶሎ በሚለው በደስታው እንዳትሸወዱ፤ እንደ ሰዓት ቆጠራ እያለ ቀስ ብሎ የሚጠፋውን ፈልጉ። እሱ ነው የመጀመሪያው።