ከሻንሲው ይጀመራል

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ብሪታንያ ብረት አጥሯት ነበር። የሮቨር ኩባንያ የምህንድስና ኃላፊ ሞሪስ ዊልክስ በዌልስ፣ አንግልሲ ደሴት ባለው እርሻው ላይ ከጦርነቱ የተረፈች የአሜሪካ ጂፕ ይነዳ ነበር። ላንድሮቨር የተወለደው ከዚያች ጂፕ ነው፤ በ1948 እ.ኤ.አ. በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ለሕዝብ ታየ።

የያኔው የብረት እጥረት ዛሬም የአሮጌ ላንድሮቨሮችን የእድሳት ሥራ ይወስናል። በእጥረቱ ምክንያት ቦዲው ከአሉሚኒየም ቅይጥ ስለተሠራ እንደ ብረት አይዝግም። ቦዲውን የሚሸከመው አጽም፣ ሻንሲው፣ ግን ብረት ነው፤ ጭቃና ጨው ከውስጥ ይበሉታል። ሁለቱ በተገናኙበት ቦታ እርጥበት ሲገባ ደግሞ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይረግፋል። ስለዚህ ጀማሪው ቀለም ከማንሳቱ በፊት ሻንሲውን በመዶሻ እየነካ መመርመርን፣ የተበላውን ቆርጦ መበየድን ይማራል።

ለመማሪያ ከዚህ የተሻለ መኪና ማግኘት ይከብዳል! የመጀመሪያው ባለ 1.6 ሊትር ሞተር ጉልበቱ 50 ፈረስ ገደማ ነበር፤ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለበትም። አብዛኛው የቦዲ ክፍል በብሎን ስለታሰረ በቁልፍ ይፈታል፣ ተመልሶም ይገጠማል።

የሻንሲ ቁጥሩ 860001 የሆነው የመጀመሪያው የገበያ ላንድሮቨር ራሱ በሰሜን እንግሊዝ ለዓመታት መስክ ላይ ተጥሎ ከኖረ በኋላ ታድሷል። አሮጌ ላንድሮቨር ለመግዛት ያሰበ ሰው ቀለሙን ትቶ አስቀድሞ ከሥር ገብቶ ሻንሲውን ይመልከት።