ክፍት ኮድ ብቻውን ቃል ኪዳን አይሆንም፦ ነፃ ሶፍትዌሮች የግላዊነት ፖሊሲ ለምን ያስፈልጋቸዋል?

በሪያድ ከተማ፣ በመንፉሓም ሆነ በበጥሃ፣ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች የዕለት ኑሯቸው ከእጅ ስልካቸው ጋር የተቆራኘ ነው። የኢቃማ ጉዳያቸውን በ«አብሸር» ይከታተላሉ፤ የሥራ ውላቸውን በ«ቂዋ» ወይም በ«ሙሳነድ» ይመለከታሉ። ለቤተሰብ ገንዘብ የሚልኩት፣ ከባንክ የሚመጣላቸውን የማረጋገጫ ቁጥር የሚያነቡት፣ ለእናት ለአባት በአማርኛ የሚጽፉት በዚሁ ስልክ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ብዙም ትኩረት የማይሰጠው አንድ መተግበሪያ አለ፤ እርሱም የአማርኛ መጻፊያ ኪቦርድ ነው። የተጻፈው ሁሉ ወደ ሌላ መተግበሪያ ከመድረሱ በፊት በእርሱ በኩል ያልፋል። በመሆኑም የአንድሮይድ ስልኮች ተጨማሪ ኪቦርድ ሥራ ላይ ሲውል፣ ያ ኪቦርድ የይለፍ ቃልንና የካርድ ቁጥርን ጨምሮ የሚጻፈውን ሁሉ ሊሰበስብ እንደሚችል ለባለቤቱ ያስጠነቅቃሉ።

እንዲህ ያለው መተግበሪያ ያለ ክፍያ የሚገኝና ኮዱም ለማንም ሰው ክፍት ሲሆን፣ ብዙዎች ስጋቱ በዚያው የተወገደ ይመስላቸዋል። «የሚደብቀው ነገር ቢኖር ኖሮ ኮዱን ለሕዝብ አይከፍትም ነበር» የሚለው አስተሳሰብ የተለመደ ነው። አስተሳሰቡ ከፊል እውነት ቢኖረውም ምሉዕ አይደለም።

«ነፃ» የሚለው ቃል

የነፃ ሶፍትዌር ንቅናቄ መነሻ ተደርጎ የሚወሰደው፣ አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በመስከረም 1983 «ግኑ» የተሰኘውን ፕሮጀክት ይፋ ማድረጉ ነው። ንቅናቄው ለተጠቃሚው አራት ነፃነቶችን ይጠይቃል፤ ፕሮግራሙን ለማንኛውም ዓላማ መጠቀም፣ አሠራሩን ማጥናትና ማሻሻል፣ ቅጂውን ለሌሎች ማካፈል፣ እንዲሁም ያሻሻሉትን መልሶ ማሠራጨት ናቸው። በእንግሊዝኛ አንዱ ቃል «ባለ ነፃነት» እና «ያለ ዋጋ» የሚሉትን ሁለት ትርጉሞች ስለሚይዝ አሻሚ ነው። ዐረብኛ ግን ሁለቱን ይለያል፤ «ሑር» ባለ ነፃነት ሲሆን «መጃኒ» ያለ ክፍያ የሚሰጥ ማለት ነው። አማርኛም «ነፃ» እና «በነፃ» በሚሉት ቃላት ልዩነቱን ለማሳየት ይችላል።

ሐሳቡ ለሪያድ እንግዳ አይደለም። መቀመጫው በዚህች ከተማ የሆነው የንጉሥ አብዱልአዚዝ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ከተማ፣ «ሙታሕ» በሚል ስያሜ ብሔራዊ የነፃና ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር መርሐ ግብር ሲያካሂድ ቆይቷል። የዲጂታል መንግሥት ባለሥልጣንም የመንግሥት ነፃና ክፍት ምንጭ ሶፍትዌሮችን የሚመለከት ደንብ አውጥቷል።

ይሁን እንጂ ሶፍትዌሩ የሚታተምበት የአጠቃቀም ፈቃድ የሚናገረው ስለ ኮዱ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውና «ጂፒኤል» በሚል ምህጻር የሚታወቀው ፈቃድ ኮዱን ማን እንዴት መቅዳትና ማሠራጨት እንደሚችል በዝርዝር ይደነግጋል፤ ፕሮግራሙም ያለ ምንም ዋስትና እንደሚቀርብ ያሳውቃል። የተጠቃሚው ስልክ ቁጥር፣ ፎቶግራፍ ወይም የሚገኝበት ቦታ ከተሰበሰበ በኋላ በማን እጅ እንደሚቆይ ግን አይገልጽም። ይህን መግለጽ የሌላ ሰነድ፣ ማለትም የግላዊነት ፖሊሲ፣ ሥራ ነው።

ኮዱ የሚነግረን፣ ኮዱ የማይነግረን

ክፍት ኮድ ፕሮግራሙ በስልኩ ላይ ምን እንደሚሠራ ለሚያነበው ባለሙያ ያሳያል። መረጃው ከስልኩ ወጥቶ ሰርቨር ላይ ካረፈ በኋላ ግን ዕጣ ፈንታውን የሚወስኑት ሰዎች ናቸው። ለስንት ቀን ይቀመጣል? ማን ያየዋል? ለማን ይተላለፋል? መቼስ ይሰረዛል? የስልኩን ኮድ ደጋግሞ ማንበብ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አያስገኝም።

ለዚህ ግልጽ ምሳሌ የሚሆነው የሲንጋፖር ተሞክሮ ነው። የኮሮና ወረርሽኝ በተስፋፋበት ወቅት የአገሪቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 «ትሬስ ቱጌዘር» የተባለ የንክኪ መከታተያ መተግበሪያ አወጣ። በቀጣዩ ወር የአሠራሩን ኮድ ለዓለም ክፍት አደረገ፤ መረጃው ንክኪን ለመለየት ብቻ እንደሚውልም ለሕዝብ ተነገረ። በጥር 2021 ግን ፖሊስ በአገሪቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት መረጃውን ማግኘት እንደሚችል በፓርላማ ተገለጸ። ጉዳዩ ብርቱ ቅሬታ በማስነሳቱ በየካቲት 2021 አጠቃቀሙን በሰባት የከባድ ወንጀል ዓይነቶች የሚገድብ ሕግ ጸደቀ። ኮዱ ክፍት ነበር፤ ቅሬታውን ያስነሳው ግን በኮዱ ውስጥ የነበረ ጉድለት ሳይሆን አስቀድሞ የተሰጠው ቃል አለመሟላቱ ነው።

በኪቦርዶች ረገድም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 የታየው ክስተት ትምህርት ሰጪ ነው። «ኤአይ ታይፕ» የተባለው ኪቦርድ የመረጃ ቋት በይለፍ ቃል ባለመጠበቁ የ31 ሚሊዮን ገደማ ተጠቃሚዎች መረጃ ለማንም ተጋልጦ ተገኘ። ይህ ኪቦርድ ክፍት ምንጭ አልነበረም። ሆኖም መረጃው የተጋለጠው በሰርቨሩ በኩል እንጂ በስልኩ ላይ ባለው ኮድ በኩል ስላልነበር፣ የስልኩ ኮድ ለሕዝብ መከፈቱ ብቻውን አደጋውን ባላስቀረው ነበር። አንድ አልሚ «ምን እሰበስባለሁ? ለምን?» ብሎ ፖሊሲውን አስቀድሞ ለመጻፍ ሲቀመጥ፣ መሰብሰብ የማያስፈልገውን መረጃ ለይቶ ለመተው ዕድል ያገኛል።

መረጃው በየት በኩል ይገባል?

ብዙ በጎ ፈቃደኛ አልሚዎች «እኛ ምንም አንሰበስብም» ብለው ከልባቸው ያምናሉ። ነገር ግን ፕሮግራሙ አዲስ ስሪት መኖሩን ለማጣራት ወደ ሰርቨር በሚደውልበት ጊዜ ሁሉ የተጠቃሚው የኢንተርኔት አድራሻ እዚያ ይደርሳል። የብልሽት ሪፖርት ሲላክ የስልኩ ዓይነትና አንዳንዴም የተከፈተው ፋይል ስም አብሮ ይሄዳል። ካርታ፣ ትርጉም ወይም ማስታወቂያ ከሌላ ድርጅት የሚያመጣ መተግበሪያ ደግሞ የተጠቃሚውን መረጃ ለዚያ ድርጅት ሊያቀብል ይችላል።

ለፕሮጀክቱ ኮድ የሚያበረክቱ ሰዎችም የራሳቸው ጉዳይ አላቸው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራውና ዛሬ አብዛኛው ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የሚቀመጥበት «ጊት» የተባለው ሥርዓት፣ እያንዳንዱን ለውጥ ከአበርካቹ ስምና ኢሜይል ጋር ይመዘግባል። መዝገቡ በየሰው ኮምፒውተር ስለሚባዛ በኋላ ስምን ከእርሱ ማጥፋት እጅግ አዳጋች ነው። ስለዚህ አንድ ወጣት የመጀመሪያ ሥራውን ከማበርከቱ በፊት ይህን ሊያውቅ ይገባል፤ የማሳወቁ ኃላፊነትም የፕሮጀክቱ ነው።

የሳዑዲ ዐረቢያ ሕግ ምን ይላል?

የሳዑዲ ዐረቢያ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 በንጉሣዊ ድንጋጌ የወጣ ሲሆን፣ በመጋቢት 2023 ተሻሽሎ ከመስከረም 14 ቀን 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ለተቋማት የተሰጠው የአንድ ዓመት የመዘጋጃ ጊዜም በመስከረም 2024 አብቅቷል። አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረው የሳዑዲ የዳታና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ባለሥልጣን (ሰዳያ) ነው።

የሕጉ 12ኛ አንቀጽ መረጃ የሚሰበስብ አካል የግላዊነት ፖሊሲ እንዲኖረውና መረጃውን ከመሰብሰቡ በፊት ለባለመረጃው እንዲያቀርብ ያዛል። ፖሊሲው የመሰብሰቡን ዓላማ፣ የሚሰበሰበውን የመረጃ ዓይነት፣ መረጃው የሚሰበሰብበትን፣ የሚቀመጥበትንና የሚወገድበትን መንገድ፣ እንዲሁም የባለመረጃውን መብቶች መግለጽ አለበት። ባለመረጃው ስለ ጉዳዩ የማወቅ፣ መረጃውን የማየት፣ ቅጂውን የማግኘት፣ እንዲታረምለትና እንዲወገድለት የመጠየቅ መብት አለው። ለመብት ጥያቄ በ30 ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት እንደሚገባም የአፈጻጸም ደንቡ ይደነግጋል። የሕጉን ድንጋጌዎች መጣስ ማስጠንቀቂያ ወይም እስከ 5 ሚሊዮን ሪያል የሚደርስ ቅጣት ሊያስከትል ይችላል።

ለኢትዮጵያውያን ነዋሪዎች ሁለት ነጥቦች ልብ ሊባሉ ይገባል። የመጀመሪያው ሕጉ ዜግነትን የማይለይ መሆኑ ነው፤ በሳዑዲ ዐረቢያ የሚኖሩ ሰዎችን መረጃ የሚያስተናግድ አካል ከአገር ውጭ ቢሆንም እንኳ በሕጉ ይሸፈናል። ሁለተኛው ሕጉ አገልግሎቱ የተከፈለበት ነው ወይስ አይደለም ብሎ የማይጠይቅ መሆኑ ነው። ከወሰኑ ውጭ የሚሆነው ሰው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ብቻ የሚጠቀምበት መረጃ ነው። ስለሆነም በሪያድ ተቀምጦ ለወገኖቹ የገንዘብ ምንዛሪ ወይም የሥራ ማፈላለጊያ መተግበሪያ በትርፍ ሰዓቱ የሚሠራ ወጣት፣ የሰዎችን ስምና ስልክ ቁጥር መመዝገብ ከጀመረ «ሥራዬ የበጎ ፈቃድ ነው» ማለቱ ብቻ ከግዴታው ነፃ አያወጣውም።

ሁለት ተቃራኒ ምሳሌዎች

ፖሊሲ መኖሩ ብቻም በቂ አይደለም። የድምፅ ማስተካከያ የሆነውና ከ2000 ጀምሮ በነፃ የሚታደለው «ኦዳሲቲ» እ.ኤ.አ. በ2021 በሙዝ ግሩፕ ሥር ከገባ በኋላ፣ በሐምሌ ወር አዲስ የግላዊነት ፖሊሲ አወጣ። በተግባር የሚሰበሰበው መረጃ ጥቂት ቢሆንም፣ ሰነዱ ለሕግ አስከባሪዎች ጥያቄ አስፈላጊ የሆነ መረጃ እንደሚሰበሰብ በደፈናው ይገልጽ ነበር። ዕድሜያቸው ከ13 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ፕሮግራሙን እንዳይጠቀሙም ያሳስብ ነበር፤ ይህም ማንንም የማይከለክለውን የጂፒኤል መንፈስ የሚጻረር ነው ተባለ። «ሰላይ ሶፍትዌር» የሚል ስም በየዜናው ተሠራጨ፤ አንዳንድ አልሚዎችም ኮዱን ገልብጠው የየራሳቸውን ስሪት ማዘጋጀት ጀመሩ። ድርጅቱ በዚያው ወር ይቅርታ ጠይቆ ፖሊሲውን ግልጽ በሆነ ቋንቋ አሻሻለ።

በሌላ በኩል «ሲግናል» የተባለው ክፍት ምንጭ የመልእክት መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 የተጠቃሚዎችን መረጃ እንዲያቀርብ ከአሜሪካ የፍርድ አካል ትእዛዝ ደረሰው። ሊያስረክብ የቻለው አካውንቱ የተከፈተበትንና ለመጨረሻ ጊዜ ከሰርቨሩ ጋር የተገናኘበትን ቀን ብቻ ነበር፤ ሌላውን አስቀድሞ አልሰበሰበም ነበርና። የፖሊሲው ቃልና የኮዱ ሥራ ተስማምተው መገኘታቸው በፈተና ተረጋገጠ።

በአገር ቤት

ጉዳዩ የአገር ቤት ዘመድንም ይመለከታል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ «ፋይዳ» የተገነባው በሕንድ ባንጋሎር በተጠነሰሰውና ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነው «ሞሲፕ» በተባለ ሥርዓት ላይ ነው። ይህም አገሪቱ በአንድ ሻጭ ኩባንያ እጅ እንዳትወድቅ ይረዳል። ይሁንና የዜጋው የጣት አሻራና የዓይን ብሌን ምስል በማን ኃላፊነት እንደሚጠበቅ የሚወስነው ኮዱ ሳይሆን ሕጉ ነው። ለዚህም የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥተዋል። የሁለተኛውን አዋጅ አፈጻጸም እንዲቆጣጠር ሥልጣን የተሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ተጠቃሚው ምን ይመልከት?

ጎግል ፕሌይም ሆነ የአፕል መደብር እያንዳንዱ መተግበሪያ የግላዊነት ፖሊሲ እንዲያቀርብ ይጠይቃሉ። በዐረብኛ መተግበሪያዎች ላይ ሰነዱ «ሲያሰቱል ኹሱሲያ» በሚል ርእስ ይገኛል፤ «ኡዋፊቅ» የሚለው ቁልፍ «እስማማለሁ» ማለት በመሆኑ ሳይነበብ መጫን የለበትም። የነፃ ሶፍትዌሮች መደብር የሆነው «ኤፍ-ድሮይድ» ደግሞ ተጠቃሚን የሚከታተሉ መተግበሪያዎችን በምልክት ለይቶ ያሳያል።

አንድ ሰው ፖሊሲ ሲያነብ የሚከተሉትን ቢፈልግ ይጠቅመዋል፦

• ሰብሳቢው ማን ነው? የሚገኝበት አድራሻስ ተገልጿል?
• የትኛው መረጃ፣ ለየትኛው ዓላማ ይሰበሰባል?
• ለስንት ጊዜ ይቀመጣል? በየት አገር?
• ለሦስተኛ ወገን ይተላለፋል?
• ማሳረም ወይም ማሰረዝ የሚቻለው እንዴት ነው?
• ፖሊሲው ሲለወጥ ተጠቃሚው በምን ያውቃል?

ኪቦርድ ለመምረጥ ደግሞ አንድ ቀላል መለኪያ አለ። እንደ «ሄሊቦርድ» ያሉ አንዳንድ ክፍት ምንጭ ኪቦርዶች ኢንተርኔት የመጠቀም ፈቃድ ጨርሶ አይጠይቁም፤ የተጻፈውንም ራሳቸው ወደ ውጭ የሚልኩበት መንገድ የላቸውም። የሚጠይቅ ኪቦርድ ከሆነ ግን ለምን እንደሚጠይቅ በፖሊሲው ማስረዳት ይኖርበታል።

ምንም መረጃ የማይሰበስብ ፕሮጀክት ፖሊሲው ሁለት መስመር ሊሆን ይችላል፤ «የግል መረጃ አንሰበስብም፤ ይህ ከተለወጠ አስቀድመን እናሳውቃለን» ማለት ይበቃዋል። ኮድ ማንበብ የማይችለው አብዛኛው ተጠቃሚ ነገ ኢቃማው ወይም የባንክ ቁጥሩ ያለ አግባብ ቢወጣ፣ ይዞ ሊጠይቅበት የሚችለው ይህን በጽሑፍ የተሰጠ ቃል ነው።