ማን በደለ? ከሰበታ የቀረብኝ ጥያቄ

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼም፣ ዛሬ ትንሽ ረዘም ይልባችኋል፤ ታገሡኝ።

ሰበታ ላይ ታሪክ ሳስተምር አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ ነበረኝ። ከተማዋ በመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤቷ የታወቀች ስለሆነች ይሄ ለእኛ ብርቅ አልነበረም። አንድ ቀን ከክፍል በኋላ ጠጋ ብሎ፣ «ቲቸር፣ ሰው ሁሉ ኃጢአተኛ ከሆነ ቅጣቱ ለምን እኔ ላይ ብቻ ታየ?» አለኝ። ለካ የትውልድ መንደሩ ሰዎች እናቱን «የአንቺ ኃጢአት ነው በልጅሽ የወጣው» ሲሏት እየሰማ ነው ያደገው። ያን ቀን የረባ መልስ አልሰጠሁትም።

ጥያቄው ግን አዲስ አይደለም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው የጠየቁት ይህንኑ ነው፦ የበደለው እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ? ጌታም እሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሎ መለሰላቸው።

ታዲያ ስለ ኃጢአት ዝንባሌ የሚነገረው ከየት መጣ? ከማንም በላይ ያብሰለሰለው አፍሪካዊው አውግስጢኖስ ነው (354–430 እ.ኤ.አ.)። በ16 ዓመቱ ከጓደኞቹ ጋር የሰው ፍሬ መስረቁን በኑዛዜው ጽፏል። ርቦት አልነበረም፤ ክፋቱ ራሱ ጣፈጠው። ልብ በሉ፣ ዝንባሌውን ያገኘው በጎረቤቱ ልጅ ላይ ሳይሆን በራሱ ላይ ነው።

በኋላ ግን ነገሩ ከበደ። አውግስጢኖስ ያነበበው የላቲን ትርጉም ሮሜ 5፥12ን ሁሉም «በእርሱ» ማለትም በአዳም እንደበደሉ አድርጎ ያስነብባል፤ ከዝንባሌው በተጨማሪ በደሉም ይወረሳል ወደሚል ትምህርት አንዱ መንገድ ይህ ሆነ። ግሪኩ ግን ምክንያት ነው የሚናገረው፤ የእኛም አማርኛ «ስላደረጉ» ይላል። በግእዝ ሙሉውን ጠብቀን ያቆየነው መጽሐፈ ሄኖክም ኃጢአት ከላይ የተላከ ሳይሆን ሰው ራሱ የፈጠረው መሆኑን ይናገራል።

ሥርዓታችንንም እዩት። ወንድ በ40 ቀን፣ ሴት በ80 ቀን ትጠመቃለች፤ የሚያየውም የማያየውም ሕፃን እኩል። ከጥምቀት በኋላም ንስሐ የማያስፈልገው ሰው የለም።

እንግዲህ ዝንባሌው የሁላችንም ከሆነ የአንድን ልጅ ዓይን ለይቶ ማስረጃ ማድረግ አይቻልም። እዚያ መንደር ውስጥ ኃጢአት ከተፈለገ፣ እናትየዋን ሲያማ የኖረው አንደበት ላይ ነው የሚገኘው።

ልጄ፣ ይህን ጽሑፍ ስልክህ ካነበበልህ፣ መልሴ እጅግ ዘግይቷል። ይቅር በለኝ። ለእናትህም አንብብላቸው።