መስቀል የተሰመረበት ዳቦ

ሰው ዘወትር የሚያየውን ነገር ትርጕሙን ለመጠየቅ ይሰንፋል። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ በትንሣኤ ማለዳ ድፎ ዳቦ በሞሰብ ላይ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ አይተሃል፤ ከላዩ የተሰመረውን መስቀልስ ልብ ብለህ ተመልክተኸዋልን? ያ መስመር ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይደለም። ከኋላው ረጅም ታሪክ፥ ከፊቱም አንድ ከባድ ግዴታ አለበት።

ነገሩን በቅርብ ለማየት ወደ ስሜን ተራሮች ግርጌ እንሂድ። ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ በዳባት አልፎ ደባርቅ ይደርሳል፤ ከዚያም በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው ይወርዳል። አገሩ ደጋ ነው፤ ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። ብርዱ በሚጠናበት ከፍታ ገብስ፥ ዝቅ ባለው ስፍራ ደግሞ ስንዴ ይበቅላል። ስለዚህ በብዙ ቤት የስንዴ ዳቦ የዕለት ምግብ ሳይሆን የበዓል ምግብ ሆኖ ኖሯል።

በዓሉ ሲቃረብ ባለቤቲቱ ስንዴውን ለቅማ ታስፈጫለች፥ ዱቄቱንም ትነፋለች። በእርሾ፥ በጨውና በውሃ ታቦካዋለች፤ ጥቁር አዝሙድና ድንብላል ትጨምርበታለች። ሊጡን ከድና ከማስቀመጧ በፊት በእጅዋ ታማትብበታለች። ሊጡ ኩፍ ባለ ጊዜ በምጣዱ ላይ የኮባ ቅጠል አንጥፋ ትገለብጠዋለች፤ በጣቷ ወይም በቢላዋ ጫፍ መስቀል ታሰምርበታለች፤ ከዚያም በቅጠል ሸፍና ትከድነዋለች። እሳቱ ከታችም ከላይም ይደረግለታል። ዳቦው በሙቀት ሲነፋ በተሰመረበት በኩል ይከፈታል፤ የኮባው ጅማትም በቅርፊቱ ላይ ታትሞ ይቀራል። ከተከዜ ማዶ በትግራይ የሚጋገረው አምባሻ ደግሞ ጌጡ ከዚህ ይበልጣል፤ ከመካከሉ ወደ ጠርዙ እንደ መንኰራኵር የተሰናዱ መስመሮች ይቀረጹበታል።

ይህን ኮባ አትናቀው፤ እርሱም ታሪክ አለው። ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተጓዥ በ1762 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1770) ከምጽዋ ተነሥቶ፥ የሊማሊሞን ገደል ወጥቶ፥ በዚሁ በስሜን ግርጌ በኩል ጎንደር ገባ። በኋላ ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ በዚያ አገር ስላየው ስለ እንሰት ተክል ሥዕል ጨምሮ ጽፏል። የደቡብ ሰው ከእንሰቱ ቆጮ ያወጣል፤ የሰሜን ሰው ግን ኮባ ብሎ ጠርቶት ቅጠሉን ለዳቦ መጋገሪያ አደረገው። አንዱ ተክል በአንዱ አገር እንጀራ፥ በሌላው አገር የእንጀራ ልብስ ሆነ።

መስቀሉስ ከወዴት መጣ? የቤቱ ዳቦ ምሳሌውን የሚያገኘው ከቤተ ክርስቲያን ነው። በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ቤተ ልሔም የምትባል ትንሽ ቤት አለች፤ የስሟም ትርጓሜ የእንጀራ ቤት ማለት ነው። ለቅዳሴ የሚቀርበው ኅብስት ከንጹሕ ስንዴ ተቦክቶ፥ የመስቀል ምልክት ታትሞበት የሚዘጋጀው በዚያች ቤት ነው። ያ ኅብስት ለሕዝብ ሁሉ እንጂ ለጋገረው ዲያቆን አይሠራም። እናቶቻችንም ሊጡ ላይ መስቀል ባሰመሩ ጊዜ፥ ይህ ዳቦ የእኔ ብቻ አይደለም ብለው መፈረማቸው ነው።

ይህ ልማድ የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች በስቅለት ዓርብ ቅመምና ዘቢብ ያለበት ትንሽ ክብ ዳቦ ይጋግራሉ፤ በላዩም በዱቄትና በውሃ ነጭ መስቀል ያደርጉበታል። በቀዳማዊት ንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1592፥ የለንደን ጋጋሪዎች ከስቅለት ዓርብ፥ ከልደትና ከቀብር ቀን በቀር ቅመም ያለበት ዳቦ እንዳይሸጡ ተከልክለው ነበር። ትእዛዙን የተላለፈ ሰው ዳቦው ተወርሶ ለድኆች ይሰጥ ዘንድ ተወስኖ ነበር። እኛ በስቅለት ቀን ስንጾምና ስንሰግድ እንውላለን፤ ዳቦውን የምንቈርሰው በትንሣኤ ነው። ቀኑ ይለያይ እንጂ የምልክቱ ነገር አንድ ነው፤ በእንግሊዝ ሹም በትእዛዝ ለድኃ ያስተላለፈውን፥ በእኛ ቤት አባት በፈቃዱ ቈርሶ ያድለዋል።

የዳቦው ክብር በይበልጥ የሚታወቀው ዳቦ በታጣ ጊዜ ነው። ከ1881 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ በነበረው ክፉ ቀን የከብት በሽታ በሬውን ስለ ጨረሰ በብዙ አገር ማሳው ጦሙን አደረ፤ ሕዝቡም በረኃብ አለቀ። ዘመን አልፎ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት ወደ አዲ አርቃይ በደረሰ ጊዜ፥ ብዙ ሺህ ሰው ቤቱንና ቡቃያውን ጥሎ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ሸሸ። ወቅቱ የቡሔ ወቅት ነበር። ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው ቡሔ እናቶች ሙልሙል ጋግረው፥ ሆያ ሆዬ እያሉ ከደጅ ለሚቆሙ ልጆች የሚሰጡበት በዓል ነው፤ ሙልሙል ለመቀበል ዘር አይቈጠርም፥ የአባት ስም አይጠየቅም። በሰላም ዘመን ይህ የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ደጁ በተፈናቀለ ሰው በተሞላ ጊዜ ግን የቡሔው ልማድ ለምን እንደ ተሠራ ይገባናል፤ እንግዳ በደጅ በቆመ ቀን እጅ እንዳይሰስት አስቀድሞ ማለማመጃ ነው።

በስሜን ግርጌ እንደ ሌላው አገራችን ሁሉ ዳቦው ሲቀርብ በቤቱ የሚያንሰው አይዳስሰውም። ካህን ወይም ሽማግሌ ተነሥቶ ይባርካል፥ በቢላዋው ያማትባል፥ ይቈርሳል፤ ከዚያም ለጎረቤቱ፥ ለእንግዳውና በደጅ ላለው ድኃ ይታደላል። አንተም ዛሬ ከልጆች ጋር እጅህን ዘርግተህ ትቀበላለህ፤ ነገ ግን ቢላዋው በእጅህ ይገባል። ያን ጊዜ መስቀሉን በሚያምር አሰማመር መሥራት ብቻ አይበቃህም። መስቀል አድርጎበት ለብቻው የሚበላ ሰው የፈረመውን ውል ያፈረሰ ነው። ስለዚህ ከመቍረስህ በፊት ወደ ደጅ ተመልከት፤ የመጀመሪያውም ቍራሽ ከሁሉ ይልቅ ለተራበው ይሁን።