ሶላር ፓነልና የካምፐር ባትሪ፦ መጀመሪያ ባትሪው፣ ቀጥሎ ፀሐይዋ

ዛሬ ከተለመደው የፖለቲካ ትንታኔያችን ወጣ እንላለን። በቪዲዮ ዝግጅታችን መጨረሻ ላይ ስለ ካምፐር መኪና ሶላር ጣል ያደረግናትን ወሬ ይዛችሁ “እስቲ በጽሑፍ አስቀምጡልን” ያላችሁን ብዙ ናችሁ። ይኸው።

መነሻው እኛው ጋ ነው። ከመካከላችን አንዱ ያገለገለ ካምፐር ገዛና ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ኮሎራዶ ተራራ ላይ ሊያድር ወጣ። 100 ዋት የሚታጠፍ ሶላር ፓነል ይዟል። የመኪናው ጎን ላይ “ሶላር” የሚል ሶኬት አለ፤ ሰካው፣ ምንም የለም። ጊዜ ሳያጠፋ የፓነሉን ሽቦ በቀይና ጥቁር መቆንጠጫ አድርጎ በቀጥታ ባትሪው ላይ አስያዘው። ሠራለት! መብራቱም ፍሪጁም ደህና ሆኑ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ከተኙበት አልጋ ሥር የተበላሸ እንቁላል ሽታ መጣ፤ ወዲያው የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያው ጮኸ። ልጆቹን አቅፎ ወጣ። በኋላ ሲያየው ባትሪው ሆዱ ተነፍቷል፣ እጅ አያስነካም።

ካርቦን ሞኖክሳይድ አልነበረም። ከልክ በላይ ቻርጅ የተደረገ የሊድ አሲድ ባትሪ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ ብዙ ማንቂያዎች ሃይድሮጅንም ያስጮሃቸዋል። ሽታው ደግሞ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፣ እሱም ራሱ መርዝ ነው። ሃይድሮጅን በትንሽ የእሳት ብልጭታ እንደሚፈነዳ አትርሱ። ስለዚህ ማንቂያ ሲጮህ “ባትሪው ይሆናል” ብሎ ቁጭ ማለት የለም። መጀመሪያ ሰው ይወጣል፣ ምክንያቱ በኋላ ይጣራል።

ስህተቱ የት ላይ ነው? ፓነሉ ላይ “12 ቮልት” ተብሎ ተጽፏል፣ ባትሪውም 12 ቮልት ነው፤ ታዲያ ምን ችግር አለው ያሰኛል። ነገር ግን የፓነሉ 12 ቮልት ስም ብቻ ነው። ምንም ሳይያያዝ ፀሐይ ላይ ስትለኩት ከ20 እስከ 22 ቮልት ያሳያል፤ ሲሠራም ወደ 18 ቮልት ነው። የሊድ አሲድ ባትሪ ግን ቻርጅ ሲደረግ ከ14.4 ቮልት አካባቢ ብዙ ማለፍ የለበትም፣ ከሞላ በኋላ ደግሞ 13.6 ገደማ ላይ መቆየት አለበት። ፓነል መቼ ማቆም እንዳለበት አያውቅም። ፀሐይ እስካለች ድረስ ይገፋል። ያንን የሚያውቀው በመሃል የሚገባው ቻርጅ ኮንትሮለር ነው። ያለ እሱ ፓነል ከባትሪ ጋር አይገናኝም፣ “ለአንድ ቀን ብቻ ነው” ብሎ ነገርም የለም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። ኮንትሮለር ያስፈልጋል ሲባል ሁለት ይሻላል ማለት አይደለም። የሚታጠፉ ፓነሎች ብዙዎቹ ከጀርባቸው የራሳቸው ኮንትሮለር ተገጥሞላቸው ነው የሚሸጡት። ካምፐሩም ውስጡ ኮንትሮለር ሊኖረው ይችላል። ሁለቱ ተከታትለው በአንድ መስመር ላይ ከገቡ እርስ በርሳቸው ይምታታሉ፤ ባትሪው በደንብ አይሞላም፣ አንዳንዴ ጭራሽ ምንም አይገባውም። ከፓነል እስከ ባትሪ ባለው በአንድ መስመር ላይ አንድ ኮንትሮለር ብቻ። ጣሪያው ላይ ሌላ ፓነል ካላችሁ ግን እሱ የራሱ መስመርና የራሱ ኮንትሮለር ኖሮት ከዚያው ባትሪ ጋር ቢገናኝ ችግር የለውም። በነገራችን ላይ ፓወር ስቴሽን የሚባሉት ሣጥኖችም ኮንትሮለራቸው ውስጣቸው ስለሆነ ፓነሉን ያለ ኮንትሮለሩ ነው የሚፈልጉት።

ካምፐሩ ኮንትሮለር እንዳለው እንዴት ይታወቃል? መልቲሜትር፣ እኛ ሀገር ቴስተር የምንለውን፣ ያዙና ፓነሉ ሳይሰካ የጎኑን ሶኬት ለኩ። 12 ቮልት ከምናምን ካነበባችሁ ሶኬቱ በቀጥታ ባትሪው ጋ ነው የሚሄደው ማለት ነው፤ እንግዲያው ኮንትሮለሩ በእናንተ በኩል መኖር አለበት። ዜሮ ወይም ትንሽ ነገር ካነበባችሁ ወይ ውስጥ ኮንትሮለር አለ፣ ወይ ፊውዝ ተቃጥሏል፣ ወይ ሽቦው ካቢኔ ውስጥ ተጠቅልሎ ከምንም ሳይገናኝ ቀርቷል። ይኼ የመጨረሻው ቀልድ አይደለም፤ “ለሶላር የተዘጋጀ” ተብለው የሚሸጡ አንዳንድ ካምፐሮች ያላቸው ሽቦ ብቻ ነው። ሽቦውን እስከ መጨረሻው ተከትሎ ማየት ነው መፍትሔው።

የባልደረባችን ሶኬት ግን ችግሩ ሌላ ነበር። ኤስኤኢ የሚባለው ባለ ሁለት ጣት ማገናኛ፣ አንዱ ጣት የተሸፈነ ሌላው ራቁቱን የሆነው፣ ፖዘቲቩ የትኛው እንደሆነ ሁሉም አምራች አልተስማማበትም። ስለዚህ በትክክል ገጥሞ ቀይና ጥቁሩ ግን ተገልብጦ ሊሆን ይችላል። የእሱም እንደዚያው ነበር። መገልበጫ አዳፕተር የጥቂት ዶላር ዕቃ ነው፤ ነገር ግን ሳይለኩ አይገዛም፣ ሳይለኩም አይሰካም። የፓነሉን ጫፍ ለኩ፣ ቴስተሩ የመቀነስ ምልክት ካሳየ ቀይ ዘንጋችሁ ኔጋቲቩን ነክቷል ማለት ነው።

ፊውዝን በተመለከተ አንድ የተሳሳተ ሐሳብ እናንሳ። ሰው ፊውዙ ከፓነሉ የሚያድነው ይመስለዋል። 100 ዋት ፓነል ሽቦው ኮንታክት ቢያደርግ እንኳ ከ6 አምፔር ብዙም አይበልጥም። አደገኛው ባትሪው ነው፤ ሽቦ ቢነካካ በአንድ ቅጽበት ብዙ መቶ አምፔር ይለቃል፣ ሽቦውን እንደ ፍም ያግላል። የበር ጠርዝ ወይም መስኮት ውስጥ ተቆንጦ የተላጠ ሽቦ ይህን ለማድረግ በቂ ነው። ስለዚህ ፊውዙ የሚቀመጠው ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ በአንድ ስንዝር ርቀት ውስጥ ነው፣ ፓነሉ ጋ አይደለም። ለ10 አምፔር ኮንትሮለር 15 አምፔር ፊውዝ ይበቃል። ሽቦው ከፊውዙ የሚበልጥ መቻል አለበት፦ አሜሪካ ቁጥር 12 ወይም 10 ጌጅ፣ አውሮፓ 4 ወይም 6 ካሬ ሚሊሜትር። የአሜሪካው ቁጥር ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል፤ እኛንም መጀመሪያ ግራ አጋብቶናል።

ኮንትሮለሩ የት ይሁን? ባትሪው አጠገብ። 10 ሜትር ርዝመት ያለው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ላይ 5.5 አምፔር ሲሄድ መንገድ ላይ 0.7 ቮልት ያህል ይጠፋል። ኮንትሮለሩ ፓነሉ ጀርባ ላይ ከሆነ እሱ ጋ 14.4 ሲነበብ ባትሪው ጋ የሚደርሰው 13.7 ገደማ ነው፤ ሳይሞላ “ሞልቷል” ብሎ ይቀንሳል። ሽቦው የሚረዝም ከሆነ ርዝመቱ በፓነሉና በኮንትሮለሩ መካከል ይሁን።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ኮንትሮለሩ ከባትሪው ጋር ይገናኛል፣ ከዚያ ፓነሉ። ብዙ ኮንትሮለሮች ሲስተሙ 12 ይሁን 24 ቮልት የሚለዩት ከባትሪው ነው፤ ፀሐይዋ ቀድማ ከመጣች ሊሳሳቱ ወይም ሊበላሹ ይችላሉ። ፓነሉን ስትሰኩ መሬት ላይ በፊቱ ድፉት ወይም ብርድ ልብስ ጣሉበት። ጭነት መኪና የምትነዱ አውሮፓ ያላችሁ ወገኖቻችን ደግሞ መኪናችሁ 24 ቮልት ስለሆነ አንድ ባለ 18 ቮልት ፓነል በተራ ኮንትሮለር አይሞላላችሁም።

ባትሪያችሁ ሊቲየም ከሆነ ሁለት ነገር ይጨመራል። ኮንትሮለሩ ለሊቲየም የተዘጋጀ ምርጫ ይኑረው፣ የባትሪውን መመሪያም እዩ። ሌላው ብርድ ነው፤ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ቻርጅ ከተደረገ በማይመለስ ሁኔታ ይጎዳል። ብዙዎቹ ውስጣቸው ያለው መከላከያ ያቋርጠዋል፣ ሁሉም ግን አይደሉም። በረዶ ባደረበት ጠዋት ፀሐይዋ ብሩህ ብትሆንም ባትሪው እስኪሞቅ ፓነሉን አትሰኩ።

የባትሪ መቆጣጠሪያ ሞኒተር የገጠማችሁ፣ የኮንትሮለሩን ኔጋቲቭ በቀጥታ ባትሪው ላይ አትሰሩ፤ ከሸንቱ ማዶ፣ ሌሎች ኔጋቲቮች በሚገቡበት በኩል ይሁን። አለበለዚያ የገባው ፀሐይ አይቆጠርም።

ስትነቅሉ ሁሉም ተገልብጦ ነው። ፓነሉን መጀመሪያ ሸፍኑት፣ ንቀሉት፣ ባትሪውን የመጨረሻ። ፀሐይ ሙሉ እየመታ የፓነሉን ማገናኛ መሳብ ብልጭታ ይፈጥራል፤ ከታች ደግሞ ባትሪው አለ።