ነጭ ጋዝና የሞተር ሆድ

ያረጀ የመኪና ሞተር ሲከፈት በሆዱ ሁለት ዓይነት ቆሻሻ ይገኛል። አንደኛው ዝቃጭ ነው፤ ጥቁርና ወፍራም፣ እንደ ጠላ አተላ ከታች የሚተኛ፣ በጣት ሲጠርጉት የሚነሳ። ሁለተኛው ቫርኒሽ ነው፤ ስስ፣ ቡናማ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ብረቱ ላይ እንደ ቀለም የተለጠፈ፣ በጨርቅ ቢፈትጉት የማይለቅ። የዝቃጩ እናት ውሃ ናት፣ የቫርኒሹ እሳት። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይወጣዋል። አብዛኛው በእንፋሎት መልክ በጭስ ማውጫው ይሄዳል፤ ጥቂቱ ግን ከጥላሸትና ካልነደደ ቤንዚን ጋር በፒስተኑ ጎን ሾልኮ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ ይህ ውሃ ተንኖ ይወጣል። መኪናው ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት እየተባለ፣ ሳይሞቅ የሚጠፋ ከሆነ ግን እዚያው ቀርቶ ከዘይትና ከጥላሸት ጋር ይለወሳል።

ቫርኒሽ እንዴት እንደሚፈጠር እንጀራ የጋገረ ሁሉ ያውቀዋል። አዲስ ምጣድ ሲሟሽ የጎመን ዘር በእሳት ላይ ደጋግሞ ይታሽበታል፤ ከዘሩ የሚወጣው ቅባት በሙቀትና በአየር እየጠነከረ ሄዶ ውሃ የማያነሳው ልባስ ይሆናል። በፒስተን ቀለበት ቦይ ውስጥ የሚሆነውም በመሠረቱ ይኸው ነው። ምጣዱ ላይ ልባሱ ተፈልጎ ነው፤ ቦዩ ውስጥ ግን ቀለበቱን አጣብቆ ይይዘዋል። የተያዘ ቀለበት ዘይት ያሳልፋል፣ መኪናውም ሰማያዊ ጭስ መትፋት ይጀምራል።

ጣጣው ከመኪና ይቀድማል። የእንፋሎት ሞተሮች ሲሊንደርና ቫልቭ ይለሰልስ የነበረው በአብዛኛው በእንስሳ ሞራ ነበር። ሞራ በእንፋሎት ሙቀት ሲበላሽ ወደ አሲድነት ይለወጣል፤ ብረቱን ይበላል፣ ቫልቩንም እንደ ሙጫ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1859 ፔንሲልቬንያ ውስጥ፣ ታይተስቪል አጠገብ፣ የነዳጅ ዘይት ጉድጓድ ከተቆፈረ በኋላ ዶክተር ጆን ኤሊስ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ድፍድፉ ለመድኃኒትነት ይሆን እንደሆነ ሊያዩ ወደዚያ ተጓዙ። ለሕመምተኛ የሚሆን ነገር አላገኙበትም፤ ለታመመ ቫልቭ ግን ፈውስ ሆኖ አገኙት። በ1866 ኒው ዮርክ ግዛት ቢንግሃምተን ከተማ ውስጥ ኩባንያ አቋቋሙ፤ ዘይታቸው በ1873 ቫልቮሊን ተብሎ የተመዘገበውም በዚሁ በቫልቩ ምክንያት ነው።

ከምድር የሚወጣው ዘይት ቢመጣም የዕፅዋት ዘይት በአንድ ጊዜ ከመድረኩ አልወረደም። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዌክፊልድ በ1909 ላወጣው የሞተር ዘይት ካስትሮል የሚል ስም የሰጠው የጉሎ ዘይት ስለተጨመረበት ነው። ጉሎ መገኛዋ ኢትዮጵያን የሚጨምረው የምሥራቅ አፍሪካ ምድር እንደሆነ የዕፅዋት አጥኚዎች ያምናሉ። ስለዚህ በየአጥሩ ሥር ሳይተክሏት የምትበቅለው ተክል ዘመዶች በአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች ሞተር ውስጥ ገብተው ነበር ማለት ነው። ጉሎ የተመረጠችው ዘይቷ ከቤንዚን ጋር በቀላሉ ስለማይቀላቀል ነው። ጉድለቷ እንደ ምጣዱ ነበር፤ ስትግል ትጋገራለች፣ ብረት ላይ ሙጫ ትተዋለች። የአውሮፕላኑ ሞተር ቶሎ ቶሎ ስለሚፈታ መካኒኮቹ ይፍቁት ነበር። እንዲህ ያለ መካኒክ የሌለው የመኪና ባለቤት ሌላ መላ ያስፈልገው ነበር።

መላው ነጭ ጋዝ ሆነ። ከ1908 እስከ 1927 የተመረተችው፣ ቁጥሯም 15 ሚሊዮን የደረሰው ፎርድ ሞዴል ቲ የዘይት ፓምፕ አልነበራትም፤ የዘይት ማጣሪያም አልነበራትም። ከሞተሩ ጀርባ የሚሽከረከረው ከባድ መዘውር ዘይቱን ከግርጌ እያነሳ ይረጨዋል፤ ከተረጨው ከፊሉ በቀጭን ቱቦ ወደ ፊት ሄዶ እየተንጠባጠበ ይመለሳል። የዘይት መለኪያ ዘንግ እንኳ ስለሌለ ባለቤቱ መኪናው ሥር ገብቶ ሁለት ትናንሽ መክፈቻዎችን እየከፈተ ነበር መጠኑን የሚያየው። ከላይኛው ዘይት ከወረደ በዝቷል፤ ከታችኛው ምንም ካልወረደ አልቋል። ዘይቱም ምንም ያልተጨመረበት ተራ ዘይት በመሆኑ ቆሻሻ የመሸከም አቅም አልነበረውም፤ የወደቀበትን ሁሉ እዚያው ያስተኛዋል።

ፎርድ ለደንበኞቹ ያሳተመው የመመሪያ መጽሐፍ የመጀመሪያው ዘይት ከ400 ማይል በኋላ እንዲፈስ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ በየ750 ማይሉ፣ ማለትም በ1200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እንዲቀየር ያዝዛል። የእጥበቱም ሥርዓት እዚያው ተጽፏል። ባለቤቱ ከሥር ያለውን ቡሽ ፈትቶ አሮጌውን ዘይት ያፈስሳል፤ ቡሹን መልሶ በዘይት መሙያው በኩል አንድ ጋሎን፣ ማለትም ወደ 4 ሊትር የሚጠጋ ነጭ ጋዝ ይጨምራል። ከዚያ ሞተሩን ሳያስነሳ ከፊት ባለው ማንዌላ አሥራ አምስት ሃያ ጊዜ በእጁ ያዞረዋል፤ ነጭ ጋዙ በየጥጉ እየተረጨ ዝቃጩን ያጥባል። ቡሹ እንደገና ተፈትቶ ሁሉም ይፈስሳል። በግርጌው ጎድጓዶች ውስጥ የሚቀረው ጋዝ ተጠናቅቆ እንዲወጣ መኪናው ትንሽ አቀበት ላይ እንዲቆምም ይመከራል። የሥርዓቱ ቁም ነገር ያለው ማንዌላው ላይ ነው። በእጅ የሚዞር ሞተር ፍጥነትም ሸክምም ስለሌለው ነጭ ጋዝ ማለስለስ አለመቻሉ ያን ያህል አይጎዳውም። ይህች ዝርዝር ከአባት ወደ ልጅ፣ ከጋራዥ ወደ ጋራዥ ስትተላለፍ ጠፋች። በኋላ የመጡት ሰዎች ነጭ ጋዙን ይዘው ማንዌላውን ረሱት፤ ሞተሩን አስነስተው ያጥቡ ጀመር።

1920ዎቹ የሞተር መድኃኒት ሻጮች ዘመን ነበሩ። ሪስሎን የተባለው የሞተር ማጠቢያ በ1921 አሜሪካ ውስጥ ገበያ ላይ ዋለ። በ1923 ደግሞ የካርቡሬተር ፈጣሪው ቡርት ፒርስ ቀይ ቀለም ያለው፣ ሽታው ደስ የሚል ፈሳሽ አወጣ። ምን እንደተቀላቀለበት ሲጠየቅ «ምስጢር ነው» ይል ስለነበር ማርቭል የምስጢር ዘይት ተባለ ይባላል፤ እስከ ዛሬም በዚሁ ስም ይሸጣል። ከማጠቢያዎቹ ይልቅ ትልቁ እርምጃ ግን በዚያው በ1923 ኧርነስት ስዊትላንድና ጆርጅ ግሪንሃልጅ የሠሩት የዘይት ማጣሪያ ነው። ፑሮሌተር ብለው የሰየሙት «በኋላ ንጹሕ ዘይት» የሚል ትርጉም ካላቸው የእንግሊዝኛ ቃላት ቀንጭበው ነው። በ1924 የወጣችው የክራይስለር መኪና ይዛው ወጣች። የጊዜው ማጣሪያ ከዘይቱ ጥቂቱን ብቻ እየቀነሰ ነበር የሚያሳልፈው፤ ቢሆንም ቆሻሻው ከሞተሩ ሆድ ሌላ ማደሪያ አገኘ።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው በናፍጣ በኩል ነው። በ1930ዎቹ ካተርፒላር የናፍጣ ትራክተሮችን ሲያበዛ፣ በጥሩነቱ የታወቀ ዘይት እንኳ በፒስተኖቹ ሙቀት ቫርኒሽ እየሆነ ቀለበቶቹን ይይዝ ጀመር። ካሊፎርኒያ ያለው ስታንዳርድ ኦይል በአሥርተ ዓመቱ አጋማሽ ላይ ብረት ያዘለ ሳሙና መሰል ቅመም ዘይቱ ውስጥ ጨምሮ ዴሎ የተባለውን ዘይት አወጣ። ዘይት ከዚያ ወዲህ ማለስለሻ ብቻ መሆኑ ቀርቶ አጣቢም ሆነ። የቅመሞቹ ሥራ ሁለት ነው። አንደኛው ወገን አሲዱን እየገደለ የጋሉትን ብረቶች ንጹሕ ያደርጋል። ሁለተኛው፣ በተለይ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የዳበረው፣ የጥላሸቱን ቅንጣቶች አንድ በአንድ ከብቦ እርስ በርስ እንዳይያያዙ ያደርጋል፤ ያልተያያዘ ጥላሸት አይዘቅጥም፣ ከዘይቱ ጋር እየዞረ ቆይቶ ዘይት በሚቀየርበት ቀን አብሮ ይፈስሳል።

ባለመኪናውን ያደናገረውም ይኸው ነው። አጣቢ ዘይት የተሞላ ሞተር ዘይቱ በጥቂት ሳምንት ይጠቁራል። «ዘይቱ ተበላሸ» ብሎ ወደ ቀድሞው የሚመለስ ሰው ጥቂት አልነበረም፤ የጠቆረው ግን ሥራውን ስለሠራ ነው። የቀድሞውን ዘይት አብልጦ ማመን የዋህነት ቢሆንም ፍርሃቱ መሠረት ነበረው። ዓመታት በተራ ዘይት የሠራ፣ ግርጌው ዝቃጭ የሞላ ሞተር በድንገት አጣቢ ዘይት ሲገባበት ቁራጩ ከየቦታው ተፈንቅሎ የፓምፑን ወንፊት ሊዘጋው ይችላል። የአሜሪካ ነዳጅ ተቋም በ1947 የሞተር ዘይቶችን በሦስት ስም ሲከፍል አጣቢው ቅመም የተሰጠው ለከባድ ሥራ ለተባለው ሦስተኛው ብቻ ነበር። ምንም ያልተጨመረበት ዘይት ኋላ ላይ ኤስኤ የሚል ምልክት ተሰጠው፤ ተቋሙም ከ1930 በኋላ ለተሠሩ አብዛኞቹ የቤንዚን ሞተሮች አይስማማም ይላል።

በአሮጌውና በአዲሱ ሥርዓት መካከል የቆመች አንዲት መኪና አለች፤ በኢትዮጵያም በደንብ ትታወቃለች። ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተችው ቮልስ በአብዛኛው ዘመኗ የወረቀት ማጣሪያ አልተገጠመላትም። በሞተሯ ግርጌ፣ በስድስት ብሎን በተያዘች ክብ ክዳን ላይ፣ የሽቦ ወንፊት ብቻ አለች። የምትይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ነው። ዘይት በተቀየረ ቁጥር ክዳኗ ይፈታል፤ ወንፊቷ ከነዝቃጯ ወጥታ በነጭ ጋዝ ወይም በቤንዚን በብሩሽ ትታጠባለች፤ ከላይና ከታች ያሉት የወረቀት ጋኬቶች ተቀይረው ትመለሳለች። እጥበቱ እንግዲህ ቀርቶ አያውቅም፤ የሚታጠበው ግን ከሞተሩ ወጥቶ ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ እያለ ቃላቱን ከጣልያን የወሰደው የአገራችን ጋራዥ ይህችን መኪና ለብዙ ዓመታት አገላብጦ ሲሠራ ኖሯል። ከክዳኗ የሚጠረገው የዝቃጭ መጠን የባለቤቷን ጠባይ ይናገራል፤ ዘይት በጊዜው ከሚቀይር ሰው ወንፊት ስስ ጥቁር ዘይት እንጂ ጭቃ አይወጣም።

የቀረው የመተንፈሻ ጉዳይ ነበር። ድሮ በፒስተኑ ጎን የሚወርደው ጋዝና እንፋሎት ከሞተሩ ሥር በተዘረጋ ቱቦ በነፋስ ኃይል ብቻ ይወጣ ነበር፤ መኪናው በዝግታ ሲሄድ ወይም ቆሞ ሲሠራ ነፋስ የለም፣ እንፋሎቱም እዚያው ይቀዘቅዛል። ካሊፎርኒያ የከተማ ጭጋጓን ለመቀነስ ስትል ከ1961 ሞዴል ጀምሮ ይህ ጋዝ ተስቦ ወደ ሞተሩ ተመልሶ እንዲነድ አስገደደች፤ በ1963 መሣሪያው በመላው አሜሪካ በሚሠሩ አዳዲስ መኪናዎች ላይ ተገጠመ። ለአየር ታስቦ የተደረገው ነገር ዘይቱን ከውሃ አዳነው። መሣሪያው ሲዘጋ ግን ዝቃጩ ከድሮው ብሶ ይመጣል፤ ዛሬ ዝቃጭ ያለበት ሞተር ሲገኝ ልምድ ያለው መካኒክ መጀመሪያ የሚያየው ይህንን መሣሪያ ነው።

ዝቃጭ ድል ተነሳ በተባለ ቁጥር ተመልሷል። በ1980ዎቹ አውሮፓ ውስጥ ጥቁር ዝቃጭ የተባለው ችግር በብዙ መኪናዎች ታየ፤ የዘይት ደረጃዎችም ከፍ እንዲሉ ግድ ሆነ። በ2002 ደግሞ ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ከ1997 እስከ 2002 ለተሠሩ ሁለት ሞተሮች፣ ማለትም ባለ 2.2 ሊትር አራት ሲሊንደርና ባለ 3 ሊትር ስድስት ሲሊንደር፣ ለ3.3 ሚሊዮን ገደማ ባለቤቶች ደብዳቤ ጻፈ። በዝቃጭ የተጎዳ ሞተር ካላቸው፣ መኪናው ከተሸጠ ስምንት ዓመት እስኪሞላው ድረስ፣ እንደሚጠግንላቸው ተናገረ። የሞተሮቹ መሞቅና የዘይት መቀየሪያ ጊዜ መርዘም ተደምረው ያመጡት እንደሆነ ብዙዎች ያምናሉ።

ዛሬ በቤት የሚደረገው እጥበት የሞዴል ቲ ልጅ ነው፤ ነጭ ጋዙን ግን ሌላ ፈሳሽ ተክቶታል። በቆርቆሮ የሚሸጠው ማጠቢያ፣ አብዛኛውን ጊዜ 300 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ በሞቀው አሮጌ ዘይት ላይ ይጨመራል። ሞተሩ በቆመበት፣ ማርሽ ሳይገባ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ይሠራል፤ ከዚያ ዘይቱ ከነማጣሪያው ይቀየራል። ማጠቢያው ከዘይቱ ጋር ስለሚቀላቀል ክራንክሻፍቱ የሚያርፍባቸው ስስ ብረቶች ላይ ያለው የዘይት ንጣፍ ይሳሳል እንጂ አይጠፋም፤ ነጭ ጋዝ ብቻውን ገብቶ ሞተሩ ከተነሳ ግን ንጣፉ ጨርሶ ይጠፋል፣ ጉዳቱም በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ቫርኒሹ በአሥር ደቂቃ አይለቅም፤ የሚለቀው ለስላሳው ዝቃጭ ነው። እርሱም ቀስ ብሎ ካልቀለጠ እየተገመሰ ነው የሚወርደው።

ስለዚህ ዝቃጩ ብዙ ለሆነ ሞተር ጠንቃቃ መካኒኮች የሚመርጡት ዝግተኛውን መንገድ ነው። ጥሩ አጣቢ ዘይት ይሞላል፤ ከ1000 ወይም ከ1500 ኪሎ ሜትር በኋላ ከማጣሪያው ጋር ይቀየራል፤ ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገማል። ከዚያ በፊት የቴስታታው የላይኛው ክዳን ተነስቶ ውስጡ ይታያል። ብረቱ በቡናማ ቫርኒሽ ተለብሶ ግን ንጹሕ ከሆነ ዘይት መቀየር በቂ ነው። ክዳኑ ሥር ዝቃጩ በቢላ የሚቆረጥ ያህል ከጠጠረ ግን ምንም ዓይነት ፈሳሽ አይጨመርበትም፤ የሞተሩ ግርጌ ተፈትቶ ይወርዳል፣ ዝቃጩ በእጅ ይፋቃል፣ የፓምፑም ወንፊት ወጥቶ፣ እንደ ቮልስዋ፣ በብሩሽ ይታጠባል።